እግር የሌለው አስጎብኚ

ጥበብ የተባለው ወጣት መሐንዲስ የሞተው በካርቶን መሀል ነው። ካርቶኖቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በላያቸው ላይ ዓይኗን በጥቁር መነጽር ሸፍና ጥርሷን የምታሳይ ቆንጆ ልጅ የታተመባቸው። ከሥሯ «ዓለም ወደ ቤትዎ መጣች» ይላል። ኢንስፔክተር አልጣሽ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጎንበስ ብላ ሟቹን አየች። በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። በቀኝ እጁ ትንሽ የሙቀት መለኪያ እንደጨበጠ ነው። ከእሱ ሦስት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ጫፉን ደም የነካው የወይራ ዱላ ወድቋል።

ቦታው ደባርቅ፣ የየሺወርቅ ሆቴል የጓሮ መጋዘን ነው። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኗል። ጥበብ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ከሆቴሉ አዳራሽ ሲወጣ ሰው አይቶታል፤ ዘበኛው ሬሳውን ያገኘው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ሰውየው የተገደለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ካርቶኖቹ የ«አጥቢያ» ናቸው፤ ሟቹም የእሱው መሐንዲስ ነበር። አጥቢያ ማለት አዲስ አበባ ተቀምጦ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚሰዳደብበትን ገጽ የከፈተ ኩባንያ ነው። አንዱ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ጎረቤቱ ይቀናል፣ ሦስተኛው ይሳደባል፣ ኩባንያው ይወፍራል። ሰው በስልኩ መሰዳደብ ሰልችቶት ወደ ሌላ ገጽ መኮብለል ሲጀምር ግን አጥቢያ ደንገጥ አለና ዕቃ ሠሪ ልሁን አለ። ፊት ላይ የሚታሰር መነጽር ሠራ። መነጽሩን ያደረገ ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ ተራራ ላይ የቆመ ይመስለዋል፤ ሌላ ከተማ ያለ ወዳጁም በምስል አጠገቡ ይቆምለታል። ለመጀመሪያው ሽያጭ የተመረጠው ተራራ ስሜን ነው። ስሜንን ለማየት ስሜን መምጣት ቀረ ሊሉ ስሜን ድረስ መጡ። አልጣሽ ይህን በሰማች ጊዜ ስቃ ነበር። አሁን ግን አልሳቀችም።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

የኩባንያው የሽያጭ ኃላፊ ቴዎፍሎስ ነው፤ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ። ዓይኑን በመሐረብ ይጠራርጋል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው።

«ለእርስዎ ግልጽ የሆነው ምንድን ነው?» አለችው።

«ዱላው የዚያ ሽማግሌ ነው። የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ወልደ ገብርኤል። ዛሬ ጠዋት ጥበብ ላይ ሲጮህበት ሆቴሉ በሙሉ ሰምቷል። እንጀራችንን ልትነጥቁን ነው እያለ ሲዝት ነው የሰነበተው።»

«እርስዎስ በዘጠኝ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ክፍሌ፣ ፎቅ ላይ። ግን ክፍሌ ነበርኩ ማለትም ይከብደኛል» አለና ሬሳ ፊት መቆሙን ረስቶ ፈገግ አለ። «ከእንግዶቻችን ጋር ስሜን ተራራ ላይ ነበርኩ። እነሱ አዳራሹ ውስጥ መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል፣ እኔ በክፍሌ መነጽሬን አድርጌያለሁ። ምስሌ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስጎብኝቷቸዋል። አራት ሰው ይመሰክርልኛል። ካላመኑም መዝገቡ አለ፤ መነጽራችን ያየውን አይረሳም፣ አይሳሳትምም።»

«ሰው አጠገቡ ያለውን እንዳያይ ዓይኑን ሸፍናችሁ፣ በዚያችው ሰዓት ከጓሮ ሰው ተገደለ» አለች አልጣሽ። «ጥሩ ዕቃ ነው።»

ቴዎፍሎስ ዘለፋውን አልሰማም ወይም እንዳልሰማ ሆነ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ተናገረ፤ ይህ ግድያ ነው፣ ከመነጽሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ሪፖርቱ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ሰው የሞተበት ሳይሆን ካርቶን የረጠበበት ነበር የሚመስለው።

ወልደ ገብርኤል በዚያው ምሽት ታሰሩ። አልጣሽ አልነበረችም ያሰረቻቸው፤ ከበላይ በስልክ የመጣ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ተጠርጣሪው በማግሥቱ በስድስት ሰዓት ጎንደር እንዲላክ ይላል።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ እስር ቤቱ ስትገባ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል።

«አያ ወልደ ገብርኤል፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድንጋይ ላይ ማደር ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ የዚህኛው ልዩነቱ በር ያለው መሆኑ ነው» አሉ።

«ጥበብ ላይ ለምን ጮኹበት?»

«እኔ በልጁ ላይ አልጮኽሁም፤ በዕቃው ላይ ነው። አገሩን በቆርቆሮ አሽጋችሁ ለሰነፍ ልትሸጡት ነውን አልሁት። እሱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ‹አባቴ፣ ይህ ዕቃ እስኪስተካከል ድረስ ለማንም አይሸጥም› አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ደግሞ ገደል ለገደል ስንጣራ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ቀስ ብሎ መናገር አልተማርሁም። ሰው የእኔን ሰማ፣ የእሱን አልሰማ።»

«ከዚያስ?»

«በዘጠኝ ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ያንን ነገር ዓይኔ ላይ አሰሩልኝ። ገደል አየሁ፤ ነፋስ የለው፣ ሽታ የለው። አምስት ደቂቃም አልቆየሁ፣ አውልቄ ወጣሁ። ዱላዬን ከአዳራሹ በር ላይ ከሰው ዱላ ጋር ጥዬ ነበር የገባሁ። ስወጣ አጣሁት።»

አልጣሽ ቀና አለች። «ሲወጡ ዱላው አልነበረም?»

«አልነበረም። ተሳስቶ የወሰደ ይመልሳል ብዬ ወደ በቅሎዬ ወረድሁ። ወንዝ ዳር ብቻዬን ነበርሁ፤ ምስክሬ በቅሎዋ ናት።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ስሚኝ። ሟቹ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። የጎንደር መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ መሀል ነው የሚያልፈው። እጄን ታስሬ በዚያ ባልፍ፣ ወገኖቹ ገዳያችን ይህ ነው ብለው ያዩኛል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ነጻ ቢለኝ ማን ይሰማል? እኔማ ሽማግሌ ነኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም በዚያ መንገድ ሰው ይዘው ወጥተው የሚገቡ ናቸው። ወገኖቹ ደሙን በእነሱ ላይ ይመልሳሉ።»

አልጣሽ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። መኪናው ሊነሳ አራት ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ልቧ ሽማግሌውን አምኗል፤ የእሷ ልብ ማመን ግን መኪና አያስቆምም።

ወደ ሆቴሉ የሄደችው በእግሯ ነው። ረዳቷ ሳጅን ገዱ አብሯት ነበር። ጣቢያ ድረስ «ጉዳዩን ለማፋጠን» የመጣው ቴዎፍሎስም አብሯቸው ተመለሰ፤ ከእሱ ጋር ሚናስ አለ። ሚናስ ኩባንያው ከዚሁ የቀጠረው አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት ነው፤ ያስተረጉማል፣ ማሽን ይከፍታል፣ ሻንጣ ይሸከማል።

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት አንተ የት ነበርክ?» አለችው አልጣሽ።

«ላይ ነበርሁ፤ የማሽኑ ክፍል። ብቻዬን። ማሽኑ እንዳይቋረጥ የሚጠብቅ ሰው...»

ንግግሩን ከመሀል ተወው። መንገድ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰው ነበር። ገዱ ቆቡን አወለቀ፣ አልጣሽ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። ሚናስ ሦስት ጊዜ አማተበ፣ ግንባሩን ከበሩ ግንብ አስነካ፣ ሳመ፣ ከዚያም «...ያስፈልጋል፤ መብራት እዚህ ይቆራረጣል» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ከተወበት ቀጠለ። ያቋረጠ መሆኑንም ያወቀ አይመስልም።

ቴዎፍሎስ ስልኩን እያየ ሃያ እርምጃ አልፎ ሄዷል። ዞር ብሎ ጠበቃቸው። «እዚህ አገር መንገድ የማያልቀው ለዚህ ነው» አለና ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

ከሆቴሉ በፊት አልጣሽ ሁለቱን የኩባንያ ሰዎች ወደ ፊት ልካ ወደ ነሲባ ሱቅ ታጠፈች። ነሲባ ጨርቅና ስልክ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ለደባርቅና ለዳባት የመነጽሩ ወኪል እንድትሆን አጥቢያ መርጧታል። ትናንት ወልደ ገብርኤል አውልቀው ከወጡ በኋላ መነጽር አድርገው ከቀሩት አራት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሦስቱ የሆቴሉ ባለቤት የሺወርቅና ሁለት የቱሪዝም ቢሮ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ «በጣም ያምራል» ከማለት በቀር አንድም ነገር አላስታወሱም። ነሲባ ግን ጨርቅ ስትገዛ እንኳ ክር የምትቆጥር ሰው ናት።

«የቅንድብሽን ጫፍ ምን ነክቶት ነው የቀላው?» አለቻት አልጣሽ።

«የእነሱ መነጽር ነዋ። እንደ ካውያ ነው የሚግል። ጥበብ፣ አላህ ይማረውና፣ ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ‹እህቴ፣ ይህን ዕቃ አትረከቢ፣ ሃያ ደቂቃ ካለፈ ባትሪው ያቃጥላል› አለኝ።»

«ለአለቃው ነግሮታል?»

«ነግሮታል እንጂ። ዕቃው ደህና ነው የሚለውን ወረቀት አልፈርምም ብሎታል። መሐንዲሱ ካልፈረመ ሽያጩ አይከፈትም አሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚከፈተው።»

«እያወቅሽ ለምን አደረግሽው ታዲያ?»

«ልየው ብዬ ነዋ። ሰው አይደለሁም?»

አልጣሽ ፈገግ አለች። «በይ ያየሽውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ቴዎፍሎስ መጣ። ቴዎፍሎስን ቁርጥ የሆነ ምስል ማለቴ ነው፤ ከወገቡ በታች ግን የለም። ሱፍ የለበሰ ግማሽ ሰው ገደል ላይ ሲንሳፈፍ አስቢው። ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው አለና ዝም ብሎ ማውራት ጀመረ። ጭላዳ አሳየን፣ ገደሉን አሳየን፣ ከዚያ ደረስጌ ማርያም ወሰደን። ከደጀ ሰላሙ ስንደርስ የሆነ ነገር አደረገ።»

«ምን አደረገ?»

«ተሳለመ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን እናንተ ስትሳለሙ እያየሁ ነው ያደግሁት። እጁ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ከግንቡ አስነካ። የገረመኝ ደግሞ ወሬውን አላቋረጠም። አፉ ስለ ጣሪያው ያወራል፣ ራሱ ግንቡን ይስማል። እንዲህ ያለ አጥባቂ አዲስ አበባ አለ ወይ ብዬ ሳልጨርስ ቅንድቤን ለበለበኝና አወለቅሁት።»

አልጣሽ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ነሲባን «በአምስት ሰዓት ሆቴሉ ነይ» ብላት ወጣች። በሩ ላይ ለገዱ አንድ ነገር በጆሮው ነገረችው፤ እሱም ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ፣ ክፍል የሚፈተሽበትን ወረቀት ሊያወጣ።

በአምስት ሰዓት ተኩል አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ። ነሲባና የሺወርቅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሚናስ ከማሽኑ ኋላ ቆሟል። ቴዎፍሎስ እግሩን አነባብሮ ከፊት ተቀምጧል። ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ታስረው በሁለት ፖሊሶች መሀል ናቸው። ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ግቢው ውስጥ ሲንጎራጎር ይሰማል።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች አልጣሽ። «ከዱላው እንጀምር። አያ ወልደ ገብርኤል ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ በኋላ ሲወጡ ዱላቸው በሩ ላይ አልነበረም ይላሉ።»

«እሱ ይላል» አለ ቴዎፍሎስ።

«የእሳቸው ቃል ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ግን እናስበው። ሰው ተናዶ ሰው ሊመታ ቢሄድ በገዛ ዱላው መትቶ፣ አገር ሁሉ የእሱ መሆኑን የሚያውቀውን ዱላ ሬሳው አጠገብ ጥሎ ይሄዳል? ውሃ የማያነሳ ነገር ነው። ዱላው የተመረጠው የእሳቸው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ጠዋት ጩኸቱን የሰማ ሰው ነው፤ የማን ዱላ እንደሆነም ያውቃል። ትናንት ጠዋት ለኩባንያችሁ ገጽ ብላችሁ ሽማግሌውን ዱላቸውን አስይዛችሁ ፎቶ ያነሳችኋቸው እናንተ ናችሁ።»

«ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ሁለተኛ፣ ሟቹ። እጁ ላይ የሙቀት መለኪያ ነበር። መጋዘን የገባው ገና ያልተከፈተ መነጽር አውጥቶ ሊለካ ነው። ለምን? መነጽሩ ሰው ያቃጥላል ብሎ አልፈርምም ስላለ። ነሲባ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ምልክቱ አለ። መነጽሩ ከመሸጡ በፊት የጥበብ አፍ እንዲዘጋ የሚፈልግ ማን ነው? አስጎብኚዎቹ እንዳይደሉ ታውቃላችሁ። ለእነሱ ጥበብ ከሰማይ የወረደ ወዳጅ ነበር።»

ቴዎፍሎስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ኢንስፔክተር፣ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ እንደሚያመለክት ገብቶኛል። ችግሩ እኔ በዚያ ሰዓት ከአራት ሰው ጋር ነበርኩ።»

«አዎ። እሱን እንጠያየቅ። ደረስጌ ማርያም ወሰዷቸው?»

«ወሰድኳቸው።»

«ደጁ ላይ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? አስገባኋቸዋ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሥዕሉ ነገርኳቸው።»

«ደጁ ላይ ቆመዋል?»

«አልቆምኩም።»

«ጎንበስ አላሉም? አላማተቡም?»

ቴዎፍሎስ ሳቀ። «ምን ጠፍቶብኝ ነው የማጎነብሰው? ፊልም እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር። እዚያ ያለው ግንብ ብርሃን ነው።»

«ሚናስ» አለች አልጣሽ፣ «የትናንቱን መዝገብ ግድግዳው ላይ አሳየን። ከደረስጌ ጀምረው።»

ሚናስ ቁልፉን ተጫነ። ግድግዳው ላይ ደጀ ሰላሙ መጣ። ከፊቱ ሱፍ የለበሰው ግማሽ ሰው ተንሳፈፈ። የቴዎፍሎስ ድምፅ ስለ ጣሪያው ክዳን በተጠና ንግግር ይተርካል። ምስሉ ግን ቆመ። ቀኝ እጁ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሄደ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ያ እግር የሌለው ሰው ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ከብርሃን ከተሠራው ግንብ ላይ አሳረፈ።

አልጣሽ ወደ ቴዎፍሎስ ዞረች።

«ድምፁ የእርስዎ ነው» አለች አልጣሽ። «ግን አስቀድሞ የተቀዳ ነው፤ ለዚህ ነው ጥያቄ መጨረሻ ላይ የተባለው። ድምፅ ይቀዳል። አንገትና እጅን ግን የሚያንቀሳቅሰው በዚያች ሰዓት መነጽሩን ያደረገው ሰው ነው። እርስዎ ዛሬ ጠዋት በእውነተኛው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ ዓይንዎን ከስልክዎ አላነሱም። አልፈርድብዎትም፤ ያ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ግን እውነተኛውን ያልተሳለመ ሰው ፊልሙን አይሳለምም። ይህን የሚያደርገው ሳያስበው የሚያደርግ ሰው ነው። ወሬውን ከመሀል አቋርጦ፣ ተሳልሞ፣ ከተወበት የሚቀጥል ሰው። ሚናስ፣ ስንት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርክ?»

«ስድስት ዓመት» አለ ሚናስ፤ ድምፁ እንደ ልማዱ አልተሰማም። ደገመው። «ስድስት ዓመት። ደረስጌ። በዚያ ደጅ በቀን ሦስት ጊዜ አልፍ ነበር። ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደጁ ፊቴ ሲመጣ... እጄ ራሱ ሄደ።»

«ዝም በል» አለው ቴዎፍሎስ።

«ሆዴን አሞኛል አለኝ» አለ ሚናስ ወደ አልጣሽ ብቻ እያየ። «የቢሮ ሰዎች እንዳያውቁ መነጽሬን አድርገህ ራስህን እየነቀነቅህ ቆይ፣ ድምፁ ተቀድቷል አለኝ። ቋሚ ሠራተኛ አደርግሃለሁ አለኝ። በኋላ ደረጃ ወጥቶ ሲመጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ሸሚዙን ቀይሯል። ጥበብ ሞተ ሲባል ገባኝ። ብትናገር አንተም አብረህ ትሰቀላለህ አለኝ።» ከዚያም ጣቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ቀሰረ። «እዚያ ታች የተጻፈውን እዩት። መነጽሩ የለበሰውን ሰው ቁመት ይለካል። አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት። እሱ አንድ ሰማንያ አምስት ነው።»

ቴዎፍሎስ ተነሳ። ሲነሳ የሁሉም ዓይን ከእግሩ እስከ ራሱ ለካው።

«ማሽን ነው፤ ማሽን ይሳሳታል» አለ።

«ትናንት አይሳሳትም ብለውኝ ነበር» አለች አልጣሽ።

በዚህ ጊዜ ገዱ ገባ። በእጁ ነጭ ካርቶን ይዟል፤ ጥርሷን የምታሳየዋ ልጅ ያለችበት። ከቴዎፍሎስ አልጋ ሥር የተገኘ ነው። ውስጡ መነጽር የለም። ታጥቦ ያልደረቀ፣ እጅጌው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የቀረበት ሸሚዝ አለ።

ቴዎፍሎስ ሸሚዙን አየ፣ በሩን አየ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ፖሊሶች አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ የታየው ጸጸት አልነበረም፤ ሥራውን ያበላሹበት አለቃ ብስጭት ነው።

«አንድ ፊርማ ነበር የጠየቅሁት» አለ። «አንዲት ፊርማ። ሁለት ዓመት የለፋንበትን ነገር ትንሽ ስለሚሞቅ ብሎ ሊያስቀርብን። ሰው ቢሞቀው አያወልቀውም?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው። ገዱ የወልደ ገብርኤልን እጅ ፈታና በዚያው ካቴና የቴዎፍሎስን አሰረ። ግቢው ውስጥ ሲንጎራጎር የነበረው መኪና ሞተሩን ያጠፋው ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ሚናስ ቃሉን ሊሰጥ ወደ ጣቢያ ሲወሰድ ከሽማግሌው ፊት ደርሶ ቆመ። «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ትናንት ማታ ብትናገር ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር» አሉት። ቀጥለውም «ይቅር ይበልህ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ፍቅር አልነበረም፤ ውሸትም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የአጥቢያ ሰዎች ዕቃቸውን ጫኑ። ካርቶኖቹን እያንዳንዳቸውን ቆጠሩ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ሸራ አለበሱ። ለምርመራ የተያዘውን ካርቶን መቼ እንደሚመለስላቸው አልጣሽን ሁለት ጊዜ ጠየቋት። የጥበብ ሬሳ ሆስፒታል መሆኑን ነገረቻቸው፤ መኪናቸው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ እንደሚሄድም አስታወሰቻቸው። ቦታ የለንም አሉ። ጎማው ደባርቅን ሳይለቅ በገጻቸው ላይ የጥበብን ፎቶ በጥቁር ክር አስረው ለጠፉ፤ «የቤተሰባችንን አባል አጣን» ይላል። ከሥሩ መነጽሩን ማዘዣው ቁልፍ እንዳለ ነበር። አልጣሽ ይህን ገዱ ሲያሳያት ስልኩን መልሳ ሰጠችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ሬሳውን የወሰደው የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ነው። ወልደ ገብርኤል መኪና ተከራዩ፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ራሳቸው ከሬሳው ጋር ተሳፈሩ። አልጣሽ እንዳይሄዱ ለመነቻቸው። ገዳዩ መያዙን ለጥበብ አባት በስልክ ብትነግርም፣ የወልደ ገብርኤል ስም ትናንት ማታውን አምባ ጊዮርጊስ ገብቶ አድሯል።

«ለዚህ እኮ ነው የምሄድ» አሏት። «ከሄድሁ ያዩኛል። ካልሄድሁ እድሜ ልካቸውን ይጠረጥሩኛል፤ ልጆቼንም።»

አልጣሽ ብቻቸውን ልትለቃቸው አልቻለችም፤ አብራ ሄደች። ዳባትን አለፉ። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ሰው መንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ከለቅሶው ድንኳን አጠገብ መኪናው ሲቆም ሽማግሌው ከልጆቻቸው ጋር የቃሬዛውን ፊት ያዙ። የጥበብ አባት ከድንኳኑ ወጡ፤ ከእሳቸው ኋላ ወንድሞችና የአጎት ልጆች አሉ፤ ጥቂቶቹ መሣሪያ ይዘዋል።

አባትየው ቃሬዛውን አዩ፤ ከዚያ የተሸከሙትን አንድ በአንድ።

«ወልደ ገብርኤል የሚባለው የትኛው ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወልደ ገብርኤል። ቃሬዛውን አልለቀቁም። «ልጅዎን ትናንት አንዴ ነው ያየሁት። ጮኽሁበት። እሱ ግን ቀስ ብሎ መለሰልኝ፣ አባቴ ብሎ።»

የጥበብ አባት ወደ ፊት መጡና በቃሬዛው ሌላ ጎን ገቡ፤ ሁለቱ አባቶች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ልጁን ወደ ቤቱ አስገቡት።